የዜሮ ሰዓት ከረጢት

ጋሽ ሚሊን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው ከላቦራቶሪው ግቢ ከጠፋ ሃያ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። "ሚሊ" የሚሊግራም ቁራጭ ናት። ያወጣላቸው አንድ ተማሪ ነው፤ በሁለት ሚሊግራም ልዩነት ግማሽ ቀን ሲጨቃጨቁት ቢውሉ ምርር ብሎት "እኚህ ሰውዬ ራሳቸው ሚሊ ናቸው!" አለና ወጣ። ተማሪው ተመርቆ ሄደ፣ ስሙ ግን ቀረ። እሳቸውም አልከፋቸውም፤ እንዲያውም ስልክ ሲያነሱ "ሚሊ ነኝ፣ ማን ልበል?" ይላሉ።

ሥራዎ ምንድን ነው ላላቸው ሰው መልሳቸው አጭር ነው፤ ከረጢት አጥባለሁ ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ በሁለት ቃል የሚያልቅ አይደለም። በግቢው በረት ጎናቸው የተከፈተ ሦስት ላሞች አሉ። የእንስሳት ሐኪም ከግራ ጎናቸው ጡጫ የምታስገባ መስኮት በቀዶ ጥገና ከፍቶ የጎማ ክዳን ገጥሞላቸዋል፤ ቁስሉ ከዳነ ዓመታት ሆኖታል። ክዳኑ ሲነሳ የሰው እጅ እስከ ክርኑ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። ላሞቹ ደንታም የላቸው፤ እያመሰኩ ዞር ብለው ያዩና ፊታቸውን ይመልሳሉ። የተፈጨ መኖ አምስት አምስት ግራም እየተመዘነ፣ ዓይን የማይለየው ወንፊት ባለው የናይለን ከረጢት ታስሮ በዚያ መስኮት ይገባል። ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በወንፊቱ ሾልከው የመኖውን ፕሮቲን ይበላሉ። አንዱ ከረጢት በሁለት ሰዓት፣ አንዱ በአራት፣ አንዱ በስምንት እያለ የመጨረሻው በአርባ ስምንት ሰዓቱ ይወጣል። ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። የጎደለው ሁሉ ላሟ የፈጨችው ነው ተብሎ ይጻፋል።

ጣጣው ያለው ማጠቡ ላይ ነው። ከጨጓራ የወጣ ከረጢት በአረንጓዴ ዝቃጭ ተለውሶ ነው የሚመጣው። ዝቃጩ በደንብ ካልለቀቀ አብሮ ይመዘንና ላሟን ምንም ያልበላች ያስመስላታል። ማጠቡ ከበዛ ደግሞ ደቃቁ መኖ ራሱ ከውሃው ጋር ሾልኮ ይሄዳል፤ ይህም በላሟ ይላከካል። መመሪያው ስንት ደቂቃ ይታጠብ እንደሆነ አይናገርም። "ውሃው እስኪጠራ" ይላል፣ በቃ። የውሃውን መጥራት የሚያውቁት ደግሞ ጋሽ ሚሊ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ማጠቢያ ክፍል ማንም ተማሪ እጁን ከገንዳው የሚያወጣው እሳቸው "ጠራ" ሲሉ ነበር። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ፕሮፌሰር እንኳ ተማሪ ሳለ ጣቶቹ በብርድ ቀልተው ይህችን ቃል ይጠብቅ ነበር።

ከከረጢቶቹ መካከል ላም የሚባል ነገር ሳታይ የምትቀር አንዲት አለች። የዜሮ ሰዓት ከረጢት ይሏታል። እንደ እህቶቿ ትመዘናለች፣ ትታሰራለች፣ ግን በረት ሳትደርስ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ትገባለች። ከሷ የሚጎድለው ማጠቡ ብቻ የወሰደው ነው። የሌሎቹ ሁሉ መነሻ እሷ ናትና እሷ ከተዛባች ሁሉም ይዛባል። ጋሽ ሚሊ ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሷን ነበር። "ይቺ ላሟን አትሰልልም፤ የምትሰልለው እኔን ነው" እያሉ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ሚጡ እንምጣ። ሚጡ የሟች ታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ጋሽ ሚሊ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውምና እጇን ይዘው ወደ ቤታቸው አመጧት። የምትውልበት ሲያጡ ላቦራቶሪ ይዘዋት ይመጡ ነበር፤ መቶ ድረስ መቁጠር የተማረችው ከረጢት እየደረደረች ነው። ዛሬ ሠላሳ ሊሞላት ምን ቀራት፣ እዚያው ግቢ የዶክትሬት ጥናቷን እየጨረሰች ነው። ቤት ውስጥ "አንተ" የምትላቸውን ሰውዬ ግቢ ስትገባ "እርስዎ" ትላቸዋለች፤ የአጎቷ ዝምድና ረዳት እንዳይባል ትጠነቀቃለች።

ጥናቷ በፋጉሎ ላይ ነው። የጥጥ ፍሬ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ግሩም ነው፣ ግን ፕሮቲኑ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ ግማሹም በሽንት ይባክናል። ከዚያ ያመለጠው ነው ወደ ታች ወርዶ ወተት የሚሆነው። ሚጡ ፋጉሎውን ለስለስ ባለ እሳት ብትቆላው ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርገዋል ብላ ተነሳች። ካቻምና በመጀመሪያው ዙር ልክ እንዳለችው ሆነ። ዘንድሮ ያንኑ ጆንያ ፋጉሎ፣ እነዚያኑ ላሞች ይዛ ሁለተኛውን ዙር ሠራች። እሷ መዘነች፣ ጋሽ ሚሊ አጠቡ። ቁጥሩ ሲወጣ ግን የተቆላው ካልተቆላው አልተሻለም፤ የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የዜሮ ሰዓቷም ከረጢት አብራ ተለወጠች። ካቻምና ከመቶ አሥራ ሰባት እጅ የጎደለላት ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ ጎደለላት።

አርብ ረፋድ ላይ ፕሮፌሰሩ ሚጡን ሚዛን ክፍል አገኛት። ጋሽ ሚሊ ከግድግዳው ወዲህ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ገንዳ ይፈገፍጋሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጆሯቸውን ምን ይድፈኑት።

"የዜሮ ሰዓት ከረጢት ላም አታውቅም" አለ ፕሮፌሰሩ። ድምፁ አልጮኸም፤ ባይጮህም ግን ያስፈራ ነበር። "ፋጉሎው ካንድ ጆንያ ነው። ከረጢቱ ያው ነው። ታዲያ ካቻምና አሥራ ሰባት፣ ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ። አስረጂኝ።"

"እኔም ግራ ገብቶኛል ፕሮፌሰር። ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።"

"ማጠቡ ነው እንዳልል ያጠቡት ጋሽ ሚሊ ናቸው። የሳቸውን እጅ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ነው። የማይለወጠውን ሁሉ ከቀነስን የቀረሽው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ዙር ቁጥር መጀመሪያም በጣም አምሮ ነበር።"

"ፈጥሬ ጻፍኩት ነው የሚሉኝ?"

"እኔ ምንም አላልኩም። ሐሙስ ኮሚቴው ይቀመጣል። ማስረዳት ከቻልሽ እሰየው። ካልቻልሽ ግን ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለምን እንዳበቃም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።"

ጋሽ ሚሊ መፈግፈጊያውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። መጀመሪያ የተሰማቸውን ነገር በኋላ ለራሳቸው እንኳ መናገር አፍረዋል። ልጄን ማለት ሲገባቸው መጀመሪያ ደስ ያላቸው ስለ እጃቸው የተነገረው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ እንደ እሾህ የምትወጋ ሐሳብ መጣችባቸው፤ ምናልባት እውነት ፈጥራው ይሆን? እጄ ካልተለወጠ ማን ተለወጠ? ወዲያው ራሳቸውን ሰደቡ። ግን ሐሳቧ መጥታለች፣ አልመጣችም አይባልም።

ያን ቀን ማታ ሚጡ እራት አልበላችም። ሳህኗን ወደ ጎን ገፍታ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አስደግፋ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ አንተ ታምነኛለህ አይደል?"

"ይህ ምን ጥያቄ ነው?"

"በል ንገረኝ።"

"ካንቺ ውጭ ማንን ላምን ኖሯል?" አሉ፤ አሉና ዓይናቸውን ሰበሩ። ያቺ ልጅ ስትዋሽ በሕይወት ዘመናቸው አንዴ ነው የያዟት፣ እሱም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የተሰበረ ብርጭቆ ደብቃ ነው። እሷ ግን መልሱ ትንሽ መዘግየቱን ሰምታለች። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሚሊ ቁልፋቸውን ይዘው ማንም በሌለበት ላቦራቶሪ ገቡ። ወንጀለኛውን ሊይዙ ቆርጠዋል። ከረጢቶቹ አርጅተው ወንፊታቸው ሰፍቶ ይሆናል አሉና ካልተነካ እሽግ ሦስት አዲስ ከረጢት አወጡ። ጆንያው እርጥበት ስቦ ይሆናል አሉና ከመሐሉ ዘግነው ፈጩ። አፍንጫቸው የሚዛኑን መስተዋት እስኪነካ አጎንብሰው መዘኑ። በዚያች በለመዷት ገንዳ፣ በዚያ በለመዱት አስተጣጠብ፣ ቀስ ብለው እያገላበጡ፣ ውሃው እስኪጠራ አጠቡ።

ስለ ውሃው ካነሳን፣ ጋሽ ሚሊ ከዘንድሮ ውሃ ጋር ከተጣሉ ከርመዋል። "ይህ ውሃ ነው? አተላ ነው እንጂ" እያሉ ስንት ጊዜ አቤቱታ ጽፈዋል። ከመስኮቱም ጋር ተጣልተዋል፤ መስተዋቱ አይጸዳም እያሉ የጽዳት ሠራተኛዋን አሳር ያበሏታል። እሷም የዋዛ አይደለችም። የግቢው ሰው ሁሉ "ሻለቃ" ነው የሚላት፣ ፕሮፌሰሩን ጭምር "እግርዎን ያንሱ!" ብላ ስለምታዝ። ሰሞኑን መስተዋቱን በሳምንት ሦስት ጊዜ ወልውላላቸው "ከዚህ በላይ የሚጸዳ ከሆነ አውልቀው ይውሰዱት" ብላቸዋለች።

ከረጢቶቹ ማድረቂያ ምድጃው ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያሉ። ሰኞ ጠዋት አውጥተው አቀዝቅዘው መዘኗቸው። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ሃያ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሚሊ የተባሉት በከንቱ አይደለም፤ ሰውዬው ከቁጥር ጋር አይከራከሩም። ሚጡ እነዚህን ከረጢቶች በዓይኗም አላየቻቸው፣ በእጇም አልነካቻቸው። ያን ጊዜ ልባቸው ላይ ያለችው እሾህ ተነቀለች፣ ነገር ግን የተነቀለችበት ቦታ የባሰ አመማቸው። ልጄን ጠረጠርኳት አሉ ለራሳቸው ጮክ ብለው። ከረጢቱ አይደለም። ጆንያው አይደለም። ልጅቷም አይደለችም። የቀረው ውሃው ወይ እጃቸው ነው፤ እጅን ለመመርመር ደግሞ ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ሌላ ስድስት ከረጢት መዝነው አስረው ሲጨርሱ ሻለቃ ባልዲዋን እየጎተተች ገባች።

"ነይ እስቲ፣ ሦስት ከረጢት እጠቢልኝ" አሏት።

"ደግሞ ዛሬ ምን ተገኘ? የርስዎን ገንዳ ሰው ሲነካ ያምዎታል ሲባል ነው የማውቀው።"

"እጠቢ ስልሽ እጠቢ። እንደ ልብስ አታሺው፣ እያገላበጥሽ ብቻ። ውሃው ሲጠራ ተይው።"

ጎን ለጎን ቆሙ። እሷ ሦስት፣ እሳቸው ሦስት። ሻለቃ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠበች ሴት ናት፤ ጥቂት ቆይታ ከረጢቶቿን ጨምቃ ሳህኑ ላይ አኖረች።

"ገና ነው" አሉ ጋሽ ሚሊ።

"ምኑ ነው ገና?"

"ውሃው አልጠራም።"

"ኧረ ጋሽ ሚሊ፣ ከጠራ ቆየ እኮ! የርስዎም ከጠራ ቆይቷል፤ ምን እንደሚጠብቁ ግራ ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ተቆጡ። ስንት ፕሮፌሰር ያስተማርኩትን ሰውዬ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው አሏት። ሻለቃም ስድብ ሰምታ የምትመለስ ሰው አይደለችም። ሁለት ብርጭቆ አነሳች፤ አንዱን ከቧንቧው ሞላች፣ ሌላው ላይ ከበረት የወጣ ከረጢት ዝቃጭ ጠብ አድርጋ በውሃ ሞላችው። ሁለቱንም መስኮቱ ላይ ደርድራ "ይኸው፣ የትኛው ነው ንጹሑ?" አለቻቸው።

ጋሽ ሚሊ ቀረብ አሉ። ራቅ አሉ። ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። ሁለቱም ብርጭቆዎች ውስጥ ያው ጭጋግ ነው ያለው፣ ያው ዘንድሮ መስኮቱ ላይ፣ አምፖሉ ላይ፣ የሰው ፊት ላይ ያለው ጭጋግ።

"ሁለቱም ደፍርሰዋል" አሉ።

ሻለቃ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ አወረደቻቸው።

"ጋሽ ሚሊ" አለች፣ ማዘዟን ትታ፣ "ዓይንዎን ሐኪም አይቶት ያውቃል?"

"ለማንም እንዳትናገሪ" አሏት።

ስድስቱ ከረጢቶች ምድጃ ገቡ። እስከ ረቡዕ ድረስ ጋሽ ሚሊ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ነገሩ ሁሉ ካሁን በኋላ ግልጽ ነው። ውሃው አልጠራላቸውምና አሁንም ያጥባሉ፣ አሁንም ያጥባሉ። ደቃቁ ፋጉሎ፣ የተቆላውም ያልተቆላውም፣ በወንፊቱ እየሾለከ በቧንቧ ይሄዳል። ለልጄ ይሁን ብለው የሁለት ዓመት ልፋቷን በገዛ እጃቸው እያገላበጡ በፍሳሹ ለቀውታል።

ከዚያ ደግሞ ሰይጣን የሚባለው ይሁን የገዛ ልባቸው፣ አንድ መውጫ ሹክ አላቸው። የግቢው የውሃ ፓምፕ ዘንድሮ ተቀይሯል። አዲሱ ጉልበት አለው። "ውሃው በኃይል እየመጣ ነው መኖውን የጠረገው" ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ፓምፕ አይከፋው፣ ስም የለው። ሚጡም ነጻ ትወጣለች። እሳቸውም ጡረታቸው እስኪደርስ በገንዳቸው ይሰነብታሉ። ዓረፍተ ነገሩን በልባቸው አሳምረው አዘጋጁት፤ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ተለማመዱት። በእውነቱ መልካም ዓረፍተ ነገር ነበር።

ረቡዕ ከረጢቶቹ ወጡ። የሻለቃ ሦስቱ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት፣ አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሰባት። የሳቸው ሦስቱ እንደ በፊቱ ሃያ ዘጠኝ ገደማ። ያው ፓምፕ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ገንዳ። ፓምፑ ነው ካሉ ነገ ሌላ ተማሪ ይመጣል፣ እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳው ፊት ይቆማሉ፣ የዚያንም ልጅ ልፋት እንዲሁ ያጥቡታል። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ሞተ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ፕሮፌሰሩ፣ አንዲት የሥነ ምግብ ተመራማሪና አንድ የስታቲስቲክስ ሰው። ሚጡ ከነሱ ፊት ለፊት ወረቀቶቿን አንጥፋ ተቀምጣለች። ጋሽ ሚሊ ማንም ሳይጠራቸው በሩን አንኳኩተው ገቡ። ነጭ ጋዋናቸውን በአዲስ ቀይረዋል። በእጃቸው ትሪ አለ፣ ትሪው ላይ ስድስት የደረቁ ከረጢቶች።

"ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ" አሉ። "እነዚህ የዜሮ ሰዓት ናቸው። ሦስቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሦስቱን ሻለቃ ናት። የሷ ካቻምና የወጣውን ቁጥር ሰጥቷል። የተበላሸው የኔ እጅ ነው። ዓይኔ ሄዷል። ውሃ መጥራቱን አላይም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።"

ሚጡ ከወንበሯ ብድግ አለች። ፕሮፌሰሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ርኅራኄ ነው፣ ርኅራኄው ግን ከቁጣ ይብስ ነበር።

"ጋሽ ሚሊ፣ ልጅዎ ናት፣ ይገባኛል። እርስዎ ሰው ለማዳን ራስዎን እንደሚያስመቱ ማን ያጣዋል? እኔም ተማሪ ሳለሁ አድነውኛል። ግን እንዲህ አይሆንም።"

እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ነገር አንጀት የሚበላው። ሃያ ስድስት ዓመት ውሸት የማያውቁ ሰው አንድ ቀን ስለ ራሳቸው እውነት ቢናገሩ፣ የሚያምናቸው ጠፋ፤ መልካም ስማቸው በገዛ ልጃቸው አንገት ላይ ገመድ ሆኖ ቁጭ አለ።

"እንግዲያው ተነሱና እዩ" አሉ።

ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ፍሪዘሩን ከፈቱ። ከታች፣ ከበረዶው ሥር፣ በላስቲክ የታሰሩ ከረጢቶች አወጡ፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት ከተቆላውም ካልተቆላውም አንድ አንድ፣ ያልታጠቡ፣ ቁጥራቸው በሚጡ እጅ የተጻፈ። ጋሽ ሚሊ ከየዙሩ ለየሰዓቱ አንድ አንድ ትርፍ ከረጢት ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የጥንት ልማዳቸው ነው። ፕሮፌሰሩ ከረጢት ይባክናል ብሎ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ከልክሏቸው ነበር። ዛሬ ከረጢቶቹን አይቶ ስለ ደብዳቤው ምንም አላነሳም።

ጋሽ ሚሊ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንዱን የአሥራ ስድስት ሰዓት ከረጢት አቀለጡና ውሃ ውስጥ ከተቱት። ሌሎቹ ገንዳውን ከበው ቆሙ፤ ሻለቃም ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። መጀመሪያ ውሃው አረንጓዴ ወጣ። ቀየሩት። ነጣ ያለ ቡናማ ሆነ። ቀየሩት። ለሦስተኛ ጊዜ ቀየሩት። አሁን የገንዳው ወለል ላይ ያለችው የብረት ማጥለያ ቀዳዳዋ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ጋሽ ሚሊ ያጥባሉ። ከረጢቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ልክ ለነዚያ ሁሉ ተማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቀስ ብለው ያገላብጡታል። ደቂቃ አለፈ። እዚህ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር፤ የሰዎቹ ዝምታ ውሃው እንደጠራ ነግሯቸዋል። ነገር ግን የመጡት ዓይናቸውን ሊያሳዩ ነውና በዓይናቸው ብቻ መፍረድ ነበረባቸው። ውሃ ቀየሩ። ሁለተኛ ደቂቃ አለፈ። የስታቲስቲክሱ ሰው ሰዓቱን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጋሽ ሚሊ አጎንብሰው፣ ግንባራቸው ውሃውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት፣ ያንን ጭጋግ ትኩር ብለው ያዩታል። ውሃ ቀየሩ። ሚጡ በእጇ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ሦስተኛ ደቂቃ።

ፕሮፌሰሩ እጁን ዘርግቶ ቧንቧውን ዘጋው።

"ይበቃል ጋሽ ሚሊ" አለ።

"ጠራ እንዴ?"

ፕሮፌሰሩ ከረጢቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ሳህኑ ላይ አኖረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ሲል ጠየቀ።

"አላውቅም ልጄ" አሉት። ፕሮፌሰር ከሆነ ወዲህ "ልጄ" ብለውት አያውቁም ነበር። "ቀስ ብሎ ነው የመጣው። እኔ ውሃው ከፋ እል ነበር። የዘንድሮዎቹን ሁሉ ደግማችሁ እዩዋቸው። የሁሉም ትርፍ እዚህ አለ።"

ፕሮፌሰሩ ወደ ሚጡ ዞረ። ቃሉን ለማውጣት ከበደው፣ ግን አወጣው። "በድዬሻለሁ" አለ። "እነዚህን ራስሽ እጠቢያቸው። ካለቀ በኋላ ኮሚቴው የነዚህን ቁጥር ነው የሚያየው።"

ሚጡ ግን እሱን አልሰማችውም። አጎቷ ፊት ቆማ እርጥብ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛለች።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?" አለች፣ "እርስዎ" ማለቱን ሰው ሁሉ ፊት ረስታ።

"አርብ ማታ ስትጠይቂኝ ዘግይቼ መለስኩልሽ" አሏት። "እሱን ይቅር በይኝ። ሌላው የዓይን ነገር ነው።"

አንገታቸው ሥር ገባች። ሻለቃ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዙራ ደረቁን ወለል ትወለውል ጀመር።

ከዚያ ሚጡ ጋዋኗን አጥልቃ ገንዳው ፊት ቆመች። ጋሽ ሚሊ በርጩማቸውን ጎትተው ቧንቧው አጠገብ ተቀመጡ፤ ውሃ መክፈትና መዝጋት አያቅታቸውም። የሁለት ሰዓቱን ከረጢት ሰጧት፣ ቁጥሩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አይተው። እጇ የሳቸው እጅ ነበር፤ አያያዟ፣ አገለባበጧ፣ ትንሿ ጣቷን እንኳ ከፍ ማድረጓ። ውሃው አንድ ጊዜ ተቀየረ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

ሚጡ ቆመች። እጇን ግን አላወጣችም። ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንደለመደችው፣ ትጠብቃለች። ፕሮፌሰሩም ሳያውቀው ወደ በርጩማው ዞሮ ነበር። ክፍሉ ሁሉ የጋሽ ሚሊን አፍ ያያል።

ጋሽ ሚሊ ወደ ገንዳው አጎነበሱ። ነጭ ጭጋግ ነው፣ ጭጋጉ ውስጥ የልጃቸው እጅ አለ።

"አንቺ በይው" አሏት።

"ጠራ" አለች ሚጡ።

ጋሽ ሚሊ ቧንቧውን ዘጉ።